«አሽቆለቆለ» ከየት መጣ? ከ«መነመነ»ስ በምን ይለያል?

የከዚራው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቃል ትርጉምና ምንጭ ነው፤ ነገሩ የተነሣበትን ሁኔታ ካላስረዳሁ ግን ጥያቄው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ከመነሻው ልጀምር።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ስለ ከተማችን ታሪክ በየወሩ አንድ አጭር ጽሑፍ እያባዙ ያሰራጫሉ፤ በዚህ ወር ስለ አሮጌው ምድር ባቡር እንድጽፍ ተራው ለእኔ ደረሰኝ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ መድረሱን፣ ከተማችንም በዚሁ ምክንያት መቆርቆሯን፣ መስመሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ግን ከዚያ በኋላ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ መፍጀቱን ጽፌ ስጨርስ፣ ለሁለተኛው ክፍል «የምድር ባቡሩ ማሽቆልቆል» የሚል ርእስ ሰጠሁት። በዚህ ርእስ ሥር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መስመሩ መቆረጡን፣ የጭነት መኪናዎች የባቡሩን ጭነት እየተሻሙ መውሰዳቸውን፣ ሐዲዱና ፉርጎዎቹ ማርጀታቸውን፣ በመጨረሻም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መቅረቱን ዘረዘርኩ።

ረቂቁን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። አጎቴ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ በባቡር ጥገና ያሳለፉ፣ የመሣሪያውን ስም ሁሉ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ ስለ ዓመተ ምሕረቱም ስለ ድልድዩም አንዳች ሳይናገሩ «ርእሱ አልተስማማኝም» አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ምድር ባቡር አላሽቆለቆለም፤ መነመነ። የሚያሽቆለቁል በራሱ እግር የሚወርድ ነው። ይህ ግን የሚበላው አጥቶ የከሳ ነው።»

እኔ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። በጋዜጣም በሪፖርትም «የደን መመንመን» እና «የምርት ማሽቆልቆል» ጎን ለጎን ሲጻፉ እናያለን፤ አንዱን በሌላው ብንተካው የሚጎድል ነገር አይታየኝም ነበር። ስለዚህ «አሽቆለቆለ» የሚለው ግስ ከምን እንደ ወጣና አጎቴ የሚሉት ልዩነት በእርግጥ በቋንቋው ውስጥ ያለ መሆኑን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። አጎቴን ለመርታት ብዬ አይደለም። እሺ፣ አልዋሽም፤ ትንሽ ለመርታትም ነው።

ቀፊራ ማዶ

ወንድሜ፣ ጣጣ የሌለው ርእስ ከፈለግህ «እንደ ካሮት ቁልቁል» በለውና ተገላገል። ለከተማችን ይበልጥ የሚቀርብ ካሻህ ደግሞ «እንደ ግመል ሽንት የኋሊት» የሚለው አለልህ። አጎትህ ግን በሁለቱም የሚስማሙ አይመስለኝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ካሮትን በውድቀት ምሳሌነት የምንጠቅሰው ከላይ ቅጠሉን ብቻ ስለምናይ ነው። የሐረማያ ገበሬ ዘንድ ካሮት ቁልቁል ካላደገ ከስሯል ማለት ነው።

የአማርኛ መምህር (ሐረር)

ውድ ጠያቂያችን፣ አጎትህ የጨበጡት ነገር አለ። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ቃሉ አካል ትንሽ እንድናገር ፍቀድልኝ፤ ለረጅም ዓመታት አማርኛ ያስተማረ ሰው ሲጠየቅ አጭር መልስ መስጠት አይሆንለትም።

የ«አሽቆለቆለ» እምብርት «ቁልቁል» ነው። ከ«ቁልቁል» «ቁልቁለት» ይወጣል፤ «አቆለቆለ» የሚል ግስም አለ፤ ወደ ታች አዘነበለ፣ ወደ ታች አየ ለማለት ሽማግሌዎች ይናገሩታል። በዚህ ላይ «ሽ» ስትገባበት «አሽቆለቆለ» ይሆናል። ይህቺ «ሽ» ለአማርኛ እንግዳ አይደለችም። «ቀደመ» ከሚለው ግስ «ተሽቀዳደመ» የሚል ይወጣል፤ የ«ቀደመ» ሥር ቀ፣ ደ እና መ ብቻ ስለሆነ በመካከል የተገኘችው «ሽ» ከውጭ የመጣች ተቀጥላ እንጂ የሥሩ አካል አለመሆኗ ግልጽ ነው። «አሽከረከረ» እና «አሽሞነሞነ» በሚሉት ግሶችም መግቢያ ላይ ትታያለች። በ«አስቀደመ» ውስጥ ላለችው «ስ» እኅቷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ከቁልቁል ወደ ኋላ ብንሄድ «ቆላ»ን እናገኛለን። በግዕዝ «ቈላ» ሸለቆ፣ ዝቅ ያለ ምድር ማለት ሲሆን በመዝሙረ ዳዊትም «ቈላት» ተብሎ በብዙ ቁጥር ተጽፏል። የቁልቁልና የቆላ ዝምድና በድምፅም በትርጉምም ስለሚታይ ብዙ ማስረጃ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ቡና መቁላት ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኝ ስለነበር አስቀድሜ መናገሬ ነው።

አሁን ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ነገር ላይ ደረስን። «ቆለቆለ»ን ከወገቡ ቁረጠው፤ ቆለ እና ቆለ ይሆናል። «መነመነ»ንም እንዲሁ ብታደርገው መነ እና መነ ነው። «ሸረሸረ»፣ «ቦረቦረ»፣ «ዘቀዘቀ» ሁሉም ሁለት ፊደል እየደገሙ የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ «ወደቀ»፣ «ሞተ»፣ «ፈረሰ» የሚሉት በአንድ ምት የሚያልቅ ድርጊት የሚናገሩ ስለሆኑ የሚደግሙት ነገር የላቸውም። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እግሩን ደጋግሞ እንደሚያነሣ፣ ጎርፍ አፈርን ደጋግሞ እንደሚልስ፣ ግሱም ፊደሉን ይደግማል። አማርኛ መዘግየትን በግሱ አጥንት ውስጥ አስገብቶ ይናገራል ማለት ነው፤ «ቀስ በቀስ» የሚለው ሐረግ ራሱ ድግግሞሽ መሆኑንም ልብ በል። ይህን ስል ግን ድግግሞሽ ሁሉ የጥፋት ምልክት ነው ማለቴ አይደለም፤ «ለመለመ»ም ለም ለም ብሎ የተሠራ ነው፣ ልምላሜም በአንድ ሌሊት አይመጣም። ደግሞም «ከሰመ»፣ «ላሸቀ»፣ «ነጠፈ» የሚሉት ፊደል ሳይደግሙ ቀስ እያለ የሚሆን ጥፋትን ይናገራሉ። ሕጉ ቀዳዳ የሌለው አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ከሥሩ የተለየው «ድቀት» ነው። ዛሬ «የኢኮኖሚ ድቀት» እያልን የምንጽፈው ቃል በቀጥታ ከግዕዙ «ወድቀ» የተገኘ ሲሆን፣ «ወለደ» ልደት፣ «ወረደ» ርደት እንደሚሉት «ወደቀ»ም ድቀት ይላል። ስለዚህ ድቀት በጥንተ ፍቺው መውደቅ እንጂ መውረድ አይደለም። የዓመታት ነገር ለሆነው ለአንተ ጽሑፍ አይስማማም።

ወደ አጎትህ ልመለስ። «አሽቆለቆለ» በመልኩ አድራጊ ግስ ይመስላል፤ በ«አ» ይጀምራልና። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አያሽቆለቁልም። «ጦርነቱ ባቡሩን አሽቆለቆለው» ብትል አንባቢህ ይደናቀፋል፤ «እንዲያሽቆለቁል አደረገው» ማለት ሊኖርብህ ነው። «መነመነ» ግን «አመነመነ» የሚል አድራጊ አለው፤ «በሽታው አመነመነው» ብንል ማንም አይደናገርም። ከዚህ የተነሣ «መነመነ» የሚል ሰው፣ ባይጠራውም እንኳ፣ ከጀርባ አንድ አመንማኝ እንዳለ ይጠቁማል፤ «አሽቆለቆለ» የሚል ሰው ግን ወራጁን ብቻ ያሳየናል። አጎትህ «በራሱ እግር የሚወርድ» ያሉት ይህንኑ ነው። ሰዋስው ሳይጠቅሱ ሰዋስው ተናግረዋል።

በነገራችን ላይ ይህ ክርክር ድሬዳዋ ላይ መነሣቱ ደስ ብሎኛል። የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት የነበሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለቃላት ሲደክሙ ከኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ያንተው ከተማ ናት፤ የአልዓዛር ማተሚያ ቤትም እዚያው ነበር።

የደንገጎ ሹፌር

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ከሐረር ድሬዳዋ ሰው በማመላለስ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ማሽቆልቆልን በመጽሐፍ ሳይሆን በመሪ ነው የማውቀው፤ ስለዚህም በአንድ ነገር ላይ አልስማማም።

ከሐረማያ በኩል መጥታችሁ ደንገጎ ላይ ስትደርሱ ምድሩ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሙቀቱም በየኩርባው እየጨመረ ይመጣል። እዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት አወራረድ አለ። አንደኛው ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው አድርጎ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነኩ መውረድ ነው። ሁለተኛው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሹፌር በየኩርባው ፍሬን መርገጥ ስላለበት ሸራው ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ቢረገጥም አይዝም። የመጀመሪያውን እኛ ማሽቆልቆል እንለዋለን። ሁለተኛው መንደርደር ነው፤ ሲብስም መምዘግዘግ ይሆናል። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ እያሽቆለቆልክ ውረድ» ቢሉኝ ቀስ በል ማለታቸው ነው። የተንደረደረ መኪና ግን ከሹፌሩ እጅ ወጥቷል።

የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። መምህርም የጠያቂው አጎትም ማሽቆልቆልን የወራጁ ጥፋት አስመሰሉት። ቁልቁለቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ድሬዳዋ መግባት ካለብኝ ከደንገጎ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? የሚያሽቆለቁል ነገር የቆመበት መሬት ያዘነበለበት ነገር ነው። የእሱ ድርሻ አወራረዱ ብቻ ነው። ምድር ባቡሩም የጭነት መኪናው በበዛበት ዘመን መሬቱ አዘንብሎበት ነበር ብንል ምን ስሕተት አለው?

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሲገባ፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ብር አሽቆለቆለ» ሲል ዋለ። በአንድ ቀን የሆነ ነገር ማሽቆልቆል አይባልም። የዚያን ቀን ብር ከደንገጎ ጫፍ ነው የወደቀው፤ ያሽቆለቆለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ነበር።

የአማርኛ መምህር (ሐረር)

ሹፌራችን ልክ ነዎት፤ ቁልቁለቱን ረስቼው ነበር። «ወራጁን ብቻ ያሳየናል» ያልኩትን እንዳለ እይዛለሁ፤ ወራጁ ጥፋተኛ ነው የሚለውን ግን ከእኔ ጽሑፍ ፍቁልኝ።

እንዲያውም በእኛ አገር ቁልቁል መሄድ መጉደል አልነበረም። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከታች በሜዳው ላይ ሲያልፍ፣ በዚያ የበቀለችው ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ከሐረር ቁልቁል የወረደ ነጋዴም ከበረ። በአንጻሩ በሐረርና በዘይላ መካከል የግመል ቅፍለት ማረፊያ የነበረችው ጄልዴሳ ቀድሞም ከታች ነበረች፤ ንግዷን ያጣችው ግን ባቡሩ በሌላ በኩል ስላለፈ ነው። ስለ ጄልዴሳ «አሽቆለቆለች» ማለት እቸገራለሁ። «ከሰመች» እላለሁ፤ እሳት ማገዶው ሲወሰድበት እንደሚሆነው።

የሐይቁ ጎረቤት

ውይይቱን ስከታተል ቆይቼ የምጽፈው የመነመነ ነገር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ያደግኩት ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ሐይቁን በመስኮት ያውቀዋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ደግሞ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ አይቶታል።

ሐይቁ ሲሄድ የሰፈራችን ሰው በየጊዜው የተጠቀመባቸው ቃላት የተለያዩ ነበሩ። ይህን ያስተዋልኩት በዚያን ጊዜ ሳይሆን አሁን የእናንተን ክርክር ሳነብ ነው። መጀመሪያ ላይ «ጎደለ» ነበር የሚባለው። ጎደለ የሚለው ቃል ሥጋት የለበትም፤ በበጋ የጎደለ ውሃ በክረምት ይሞላልና። ቀጥሎ «ሸሸ» ተባለ። የሸሸ ውሃ ዳርቻው ከነበረበት ወደ መካከል የሄደ ነው፤ ትናንት እግራችንን የታጠብንበት ድንጋይ ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ እናገኘው ነበር። ገበሬው የሞተሩን ቱቦ ውሃውን እየተከተለ ያስረዝም ጀመር፤ ጫቱም ድንቹም በዚያ ውሃ ነበር የሚጠጣው፣ የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃም ከዚያው ይቀዳ ነበር። ከዙሪያው ኮረብታ ዛፉ ስላለቀ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ደለሉን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሐይቁ ከላይ እየተቀዳ ከታች እየተሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ «ነጠፈ» አሉ፤ ለላምና ለምንጭ የምንለው ቃል ነው። በመጨረሻ «ደረቀ» ተባለ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችንም «ጎጌ» አሉ፤ ያው ደረቀ ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ሐይቁ አሽቆለቆለ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ከአዋሳኝ መንደሮች የመጡ አዛውንቶችም፣ እናቴም፣ ሞተር የሚያከራዩትም አላሉም። ይህን ቃል ከሐይቁ ጋር መጀመሪያ ያየሁት በሪፖርት ላይ ነው፤ «የሐይቁ የውሃ መጠን በከፍተኛ ደረጃ አሽቆልቁሏል» ይል ነበር። ያን ጊዜ ሪፖርት ጸሐፊዎች የሰውን ቋንቋ አያውቁም ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጸሐፊው አልተሳሳተም። እርሱ የተመለከተው ሐይቁን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ቁጥር በየዓመቱ ተመዝግቦ በወረቀት ላይ በመስመር ሲሣል መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁለት ይሆናል፤ ቁልቁለት ካለ ደግሞ የሚያሽቆለቁል ነገር አለ። ውሃው ራሱ ግን ተዳፋት ላይ አልነበረም፤ እንደ ከሲ ሰው ባለበት ቦታ ተኝቶ ነው የቀጨጨው።

ስለዚህ ለጠያቂያችን የምለው ይህን ነው፦ የተሳፋሪውን ብዛት፣ የጭነቱን ቶን፣ ገቢውን ስትጽፍ አሽቆለቆለ ብትል ያምርልሃል። ሐዲዱን፣ ፉርጎውን፣ ሠራተኛውን፣ የጥገና ቤቱን ጩኸት ስትጽፍ ግን አጎትህን ስማ።

መምህር «መነመነ የሚል ሰው አመንማኝ እንዳለ ይጠቁማል» ያሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የእኛን ሐይቅ ማን አመነመነው? ገበሬው ልጆቹን ሊያበላ፣ የሐረር ሰው ሊጠጣ፣ ጎርፉም ኮረብታው ራቁቱን ስለቀረ ነው። አንድ ባለቤት የለውም። ምናልባት መመንመን ክፉው ነገሩ ይህ ይሆናል።

ደግሞም በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል መጥቷል። ሰዉ «ተመለሰ» ነው የሚለው፤ ቀድሞ «ሸሸ» ስላለው ይመስለኛል። ሐረር ግን እስከዚያው ከድሬዳዋ በኩል ካሉት የቆላ ጉድጓዶች ውሃ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋላት ከረመች።

የከዚራው (ጠያቂ)

ከጠበቅሁት በላይ መለሳችሁልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐይቁ ጎረቤት የጻፉትን ለአጎቴ ሳነብላቸው «ይህች ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት እንደማላውቅ ስነግራቸውም «እንዲህ የምትናገር ሴት ናት» ብለው ዘጉት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ጽሑፉን የሚያባዛው ጓደኛዬ «ማሽቆልቆልም መመንመንም ተዋቸውና የምድር ባቡሩ ዝቅጠት በለው፤ ጠንከር ያለ ነው» ብሎኛል። እኔ ቃሉ ሰው የሚሰድብ መሰለኝና አልወደድኩትም፤ ለምን እንደሚሰድብ ግን ልነግረው አልቻልኩም።

የአማርኛ መምህር (ሐረር)

ስሜትህ ልክ ነው። ጓደኛህን ጀበና አጠገብ አስቀምጠህ አስረዳው። ቡናው ከእሳት ሲወርድ ከመቀዳቱ በፊት ትንሽ ይጠበቃል፤ በዚያች ጊዜ በጀበናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ግን ያንን አንዱን ድርጊት በሁለት ቃል እንከፍለዋለን። ስለ ቡናው «ሰከነ» እንላለን፣ ስለ አተላው «ዘቀጠ» እንላለን። ከዚያ ሁለቱም ቃላት ከጀበናው ወጥተው ወደ ሰው ሲሄዱ «የሰከነ ሰው» ምስጋና፣ «የዘቀጠ ሰው» ስድብ ሆነ። ዝቅጠት የሚለው ቃል የሚሰድበው ለዚህ ነው፤ የወረደውን ነገር ቀድሞውንም አተላ ነበር ይለዋል። በቁልቁለት የሚወርድ መኪና ታች ሲደርስም መኪና ነው፤ የመነመነ ሰው ቢከሳም ያው ሰው ነው። የዘቀጠ ነገር ግን ከሚጠጣው ተለይቶ የሚደፋ ነው። ባቡሩ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች የሚያነቡት ጽሑፍ ላይ አይጻፍም።

ለስላሳ ቃል ከፈለጋችሁ «ማዘቅዘቅ» አለላችሁ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚባለው። እኔ ግን ለባቡር አልመርጠውም፤ ያዘቀዘቀች ጀምበር በማግሥቱ ትወጣለችና አንባቢው ነገ ባቡሩን ጣቢያ ሄዶ እንዳይጠብቅ።

የደንገጎ ሹፌር

መምህር፣ ባቡሩማ ወጥቷል፤ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው ተመርቋል። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ስለሆነ ተሳፋሪውን እኛው ነን የምናደርሰው።

የከዚራው (ጠያቂ)

ጽሑፉ ትናንት ተባዛ። ርእሱ «የምድር ባቡሩ መመንመን» ሆኗል። የተሳፋሪው ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጊዜ ላይ መስመሩ «ተቆረጠ» እንጂ ሌላ ቃል አላስገባሁም፤ «ዝቅጠት» ተሠርዟል። የደንገጎው ሹፌር «መሬቱ አዘንብሎበት ነበር» ያሉትንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ስማቸውን ስለማላውቅ «አንድ የመንገዱ ሹፌር እንዳሉት» ብዬ ጽፌአለሁ።

አጎቴ የታተመውን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በርእሱ ደስ ብሏቸዋል። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን «ቆመ» በሚለው ቃል ላይ አሳርፈው፣ «ባቡር እኮ ጣቢያም ላይ ይቆማል» አሉኝ።